ባንክ ይድናል ሲባል ዕዳው ወዴት ይሄዳል?

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ አስፋልት በደረሰበት ሁሉ የባንክ ቅርንጫፍ ደርሷል። አንዳንድ ቦታ አራትና አምስት ባንክ በአንድ ሕንፃ ሥር ጎን ለጎን ተከራይቶ ይሠራል። ከቅርንጫፎቹ ጋር ሁለት ወሬዎችም አብረው ይዞራሉ። አንደኛው “ካፒታላቸው 5 ቢሊዮን ብር ያልሞላ ባንኮች ይዘጋሉ፣ ገንዘባችሁን አውጡ” ይላል። ሁለተኛው “መንግሥት ባንክ ሲወድቅ ቆሞ አያይም፣ ማንም ምንም አይሆንም” ይላል። ሁለቱም ከእውነት የተቆረሰ ነገር አላቸው። ግን ቤት ሸጦ ወይም የመሬት ካሳ ተቀብሎ ገንዘቡን ባንክ ያስገባ ሰው በሁለቱም ላይ ተመሥርቶ ቢወስን ይጎዳል። የመጀመሪያው ያለ ምክንያት ያስሮጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ መጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ያስረሳል። ባንክን ለማዳን ገንዘብ ከአንድ ቦታ መውጣት አለበት፤ ከየት እንደሚወጣ ካልታወቀ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀው ሰው ነው።

የ5 ቢሊዮን ብሩ ነገር

ብሔራዊ ባንክ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የአንድ ባንክ ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አለ። ነባሮቹ ባንኮች እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. አምስት ዓመት ተሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚመሠረቱት ሰባት ዓመት አላቸው። የተከፈለ ካፒታል ማለት ባለአክሲዮኖች ሊከፍሉ የፈረሙት ሳይሆን ከኪሳቸው ወጥቶ ባንኩ ውስጥ የገባው ገንዘብ ነው።

ይህን ገደብ አለማሟላትና መክሰር አንድ አይደሉም። 3.5 ቢሊዮን ብር ካፒታል ያለው ባንክ ብድሩ በጊዜው የሚመለስለት፣ ለአስቀማጮቹም ሳይቸገር የሚከፍል ሊሆን ይችላል። 8 ቢሊዮን ያለው ደግሞ ግማሹን ለጥቂት ተበዳሪዎች ሰጥቶ በቋፍ ላይ ሊቆም ይችላል። ገደቡ ያልሞላለት ባንክ ተጨማሪ አክሲዮን ይሸጣል፣ የዓመቱን ትርፍ ከማከፋፈል ይልቅ ወደ ካፒታል ያዞራል፣ ያ ካልበቃው ከሌላ ባንክ ጋር ይዋሐዳል። በውህደት ጊዜ የአስቀማጩ ሒሳብ ከነግዴታው ወደ አዲሱ ባንክ ይሻገራል። የሒሳብ ቁጥርና የቼክ ደብተር ሊለወጥ ይችላል፤ የገንዘቡ መጠን ግን አይለወጥም።

ፓርላማው ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር መክፈቱ ጭንቀቱን አክሎበታል። በአዋጁ መሠረት አንድ የውጭ ስትራቴጂያዊ ባለሀብት በአገር ውስጥ ባንክ እስከ 40 በመቶ ድርሻ መያዝ ይችላል፤ የውጭ ዜጎችና ድርጅቶች ድርሻ ተደምሮ ከ49 በመቶ አይበልጥም። ትንንሾቹ ባንኮች ከዚህ ውድድር በፊት አቅም ማበጀት ነበረባቸው የሚለው የብሔራዊ ባንክ ክርክር ውኃ ይቋጥራል። ተቃራኒው ሐሳብም ቀላል አይደለም። ሁለት ደካማ ባንኮችን ማጋባት አንድ ጠንካራ ባንክ አይወልድም፤ የተበላሸ ብድራቸው ሳይጠራ ከተዋሐዱ ችግሩ በትልቅ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባል።

ሁለት ሕመም፣ ሁለት መድኃኒት

በሕዝብ ንግግር “ባንኩ ተቸገረ” ሲባል ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮች ይደባለቃሉ። ለመለየት አንድ ምናባዊ ባንክ እንውሰድ። ሀብቱ 20 ቢሊዮን ብር ነው፦ 13 ቢሊዮን ለደንበኞች ያበደረው፣ 3 ቢሊዮን የመንግሥት ቦንድ (መንግሥት የተበደረበት የዕዳ ሰነድ)፣ 3 ቢሊዮን በካዝናና በብሔራዊ ባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ፣ 1 ቢሊዮን ሕንፃና ዕቃ። ከዚህ ውስጥ 17.5 ቢሊዮኑ የአስቀማጮች ነው፤ 2.5 ቢሊዮኑ የባለአክሲዮኖች ካፒታል ነው።

የመጀመሪያው ሕመም የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው፤ ባለሙያዎች የሊኩዲቲ ችግር ይሉታል። አስቀማጮች በአንድ ሳምንት ውስጥ 3.5 ቢሊዮን ብር ለማውጣት ቢሰለፉ ባንኩ በእጁ ያለው ሁሉ ተሟጦ ግማሽ ቢሊዮን ይጎድለዋል። ብድሮቹ ጤነኛ ናቸው፣ ተበዳሪዎቹ በየወሩ ይከፍላሉ፣ ግን የሁለት ዓመት ብድር ማክሰኞ ጠዋት አይሰበሰብም። የዚህ መድኃኒት አጭር ብድር ነው። በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባንኮች የእርስ በርስ የገንዘብ ገበያ አንዱ ምንጭ ነው። እሱ ካልበቃ ብሔራዊ ባንክ የመጨረሻው አበዳሪ ሆኖ ይገባል። የዚህ ብድር ሕግ በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ነው፦ ጊዜው አጭር፣ መያዣው አስተማማኝ፣ ወለዱ ከተለመደው ከፍ ያለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለዱ 15 በመቶ ተብሎ ሲወሰን ከብሔራዊ ባንክ ለአንድ ሌሊት የሚበደር ባንክ 3 ነጥብ ተጨምሮበት 18 በመቶ እንዲከፍል የተደረገው በዚህ አስተሳሰብ ነው። ዋጋው ከፍ ያለው ባንኮች የማዕከላዊ ባንኩን መስኮት እንደ መደበኛ ኪስ እንዳይለምዱት ነው።

ሁለተኛው ሕመም የካፒታል መሸርሸር ነው። እዚሁ ባንክ ላይ ከ13 ቢሊዮኑ ብድር 10 በመቶው ቢጠፋ 1.3 ቢሊዮን ብር ከባለአክሲዮኖች ካፒታል ላይ ይቀነሳል፤ 1.2 ቢሊዮን ይቀራል። 15 በመቶው ቢጠፋ የሚተርፈው 550 ሚሊዮን ነው። በዚህ ጊዜ ካፒታሉ ስጋት ካለበት ሀብቱ፣ ማለትም ከቀረው ብድርና ከሕንፃና ዕቃው ድምር፣ 4.6 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ የብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛ መለኪያ ግን 8 በመቶ ነው። 20 በመቶው ከጠፋ ካፒታሉ አልቆ 100 ሚሊዮን ብር ከአስቀማጮች ገንዘብ ውስጥ ጎድሏል ማለት ነው። ደጁ ላይ አንድም ሰልፍ ላይኖር ይችላል፤ ቅርንጫፎቹ ይከፈታሉ፣ ማስታወቂያው ይነገራል፣ ባንኩ ግን ሞቷል። እንዲህ ላለው ባንክ አጭር ብድር መስጠት ጉድጓዱን ያሰፋል፤ ምክንያቱም በብድሩ ገንዘብ ቀድመው የሚወጡት ወሬውን ቀድመው የሰሙት ትልልቆቹ አስቀማጮች ናቸው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰው፣ በሲስተም ብልሽት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ በአንድ ሌሊት የወጣበት ክስተት፣ ከሁለቱም አይደለም። እሱ የአሠራር ጉድለት ነበር፤ ከባንኩ መጠን አንጻርም ካፒታሉን የሚነካ አልነበረም። ይሁንና “ባንኩ ከሰረ” ተብሎ መወራቱ አልቀረም።

ሕመሙ የሚደበቅበት መንገድ

የሚያስቸግረው ሁለተኛው ሕመም ለዓመታት መደበቅ መቻሉ ነው። በደንቡ ከ90 ቀን በላይ ክፍያው የዘገየ ብድር የተበላሸ ተብሎ ይመዘገባል። ቀኑ በጨመረ ቁጥር ከትርፉ ላይ የሚቀነሰው መጠባበቂያ ያድጋል፤ ከ360 ቀን ካለፈ እንደ ጠፋ ተቆጥሮ መጠባበቂያው ሙሉ ይሆናል። ይህን ለማምለጥ የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። በ85ኛው ቀን ለተበዳሪው አዲስ ብድር ይፈቀድለታል፣ በአዲሱ የድሮው ይዘጋል፣ ቀን ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። በወረቀት ላይ ወለድ ገቢ ሆኖ ይታያል፤ ከተበዳሪው እጅ ግን አንድ ብር አልወጣም። ጥሩ ተቆጣጣሪ የተበላሸ ብድር መጠንን ብቻ አያይም፤ በተደጋጋሚ የተራዘሙ ብድሮችን፣ የትርፉን መጠን ከተሰበሰበው ጥሬ ወለድ ጋር፣ የአንድን ተበዳሪ ድምር ብድር ከባንኩ ካፒታል ጋር ያስተያያል። ለአንድ ተበዳሪ ከካፒታሉ 25 በመቶ በላይ እንዳይሰጥ የተከለከለውም አንድ ነጋዴ ሲወድቅ ባንኩን ይዞ እንዳይወድቅ ነው።

በከተማው ዳርቻ ሌላ ስውር ነገር አለ፤ መያዣው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ባንክ የሚይዘው በላዩ ያለውን ቤትና የሊዝ መብቱን ነው። ብዙው ቤት በግማሽ የቆመ፣ ዋጋው ከሠፈሩ ወሬ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ነው። ተበዳሪው ሳይከፍል ሲቀር ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ይሸጣል። አንድ ቤት ሲሸጥ ይህ ይሠራል። በአንድ ሠፈር ሃያ ቤት በአንድ ወር ለሐራጅ ሲወጣ ግን ተጫራች ይጠፋል፣ ግምቱ ይወርዳል፣ የወረደው ግምት ደግሞ የሌሎቹን መያዣዎች ዋጋ ይዞ ይወርዳል። በመዝገብ ላይ ሙሉ ዋስትና ያለው የነበረ ብድር በዚህ መንገድ ባዶውን ይቀራል።

“ማዳን” ስንት ነገር ነው?

ከእንግሊዝኛ ተወስዶ “ቤይልአውት” የሚባለው፣ በአማርኛ ማዳን ወይም መታደግ የምንለው ነገር ቢያንስ በአራት መልክ ይመጣል። አንዱ ከላይ ያየነው አጭር ብድር ነው፤ በትክክል ከተሰጠ ለሕዝብ ወጪ የለውም። ሌላው መንግሥት ገንዘብ አስገብቶ ባለድርሻ የሚሆንበት ካፒታል መጨመር ነው። ሦስተኛው የተበላሸውን ብድር ከባንኩ መዝገብ አውጥቶ ወደ ሌላ ተቋም ወይም ወደ መንግሥት ማዛወር ነው። አራተኛው ዋስትና ነው፤ “ባንኩ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ” ማለት። የመጨረሻው በተነገረበት ቀን ነፃ ይመስላል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ማብቂያ የትልልቅ ባንኮቿን ዕዳ በሙሉ ዋስ ስትሆን አንድ ዩሮ አላወጣችም፤ ሒሳቡ ተጠቃሎ ሲመጣ ግን ባንኮቹን ለመደገፍ 64 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ወጣ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸው ነው።

የአሜሪካው ታሪክ በተቃራኒው ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የኢንቨስትመንት ባንክ ከከሰረ በኋላ ምክር ቤቱ 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ከዚህ ውስጥ ወደ ባንኮች የገባው 245 ቢሊዮን ገደማ ሲሆን መንግሥት መልሶ የሰበሰበው ከሰጠው በላይ ነው። ስለዚህ “ማዳን ሁልጊዜ የሕዝብ ገንዘብ መጣል ነው” የሚለው ልክ አይደለም። ገንዘቡ ግን ተመልሶም ቁጣው አልበረደም፤ ባንኮቹ በሳምንታት ውስጥ ሲታደጉ ቤታቸውን በብድር የገዙ ሚሊዮኖች ቤታቸውን አጥተዋል። አትራፊነቱና ፍትሐዊነቱ ለየብቻ የሚመዘኑ ናቸው።

እኛ ጋር የተደረገው ማዳን

“በኢትዮጵያ ባንክ ታድጎ አያውቅም” የሚል አባባል ይሰማል። ልክ አይደለም፤ ስሙ ስላልተጠራ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ካፒታል ለማጠናከር እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ ፈቅዷል። ባንኩ ከአገሪቱ የባንክ ሥርዓት ሀብት ግማሽ ገደማውን ይይዛል። ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለስኳር፣ ለባቡርና ለመሰል የመንግሥት ፕሮጀክቶች የሰጠው ብድር ሳይመለስ ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የድርጅቶቹን ዕዳ እንዲረከብ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በባንኩ መዝገብ “የስኳር ፋብሪካ ብድር” የሚለው መስመር ተሰርዞ “የመንግሥት ቦንድ” የሚል ይተካል። መንግሥት በብር ዕዳውን አይክድም ተብሎ ስለሚታሰብ ቦንዱ በካፒታል ስሌት ላይ ስጋት የለውም፤ መጠባበቂያም አይጠይቅም። በአንድ ፊርማ የባንኩ ካፒታል ይተነፍሳል። የማይታየው ሁለት ነገር ነው። ቦንዱ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ባንኩ በማግሥቱ ለጠየቀው አስቀማጭ ቦንድ ቆርጦ አይሰጥም፤ ገዢ ያለው የቦንድ ገበያ እስኪዳብር ድረስ እጁ ላይ ይቀመጣል። ወለዱና ዋናው ደግሞ ለዓመታት ከመንግሥት በጀት ይወጣል። በቱሉ ዲምቱ የሚሠራ የብሎኬት አምራች የሚከፍለው ግብር ውስጥ የዚያ ወለድ ድርሻ አለ።

እዚህ ላይ ሁለት አመለካከት ይጋጫል። አንዱ “ብድሩ በመንግሥት ትእዛዝ ለመንግሥት ፕሮጀክት የተሰጠ ነው፤ መንግሥት የራሱን ዕዳ ከፈለ እንጂ ባንክ አላዳነም” ይላል። ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ክርክር በአመዛኙ ትክክል ነው። ባንኩ ከአንድ ትሪሊዮን ብር በላይ ተቀማጭ ይዞ እንዲንገዳገድ መተው የማይታሰብ ነበር። በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወርኃዊ ክፍያውን በዚያው ባንክ የሚከፍል ቤተሰብ ሁሉ ከባንኩ ጋር ተሳስሯል። ሌላው ወገን ደግሞ “የትኛው ፕሮጀክት ስንት በልቶ ለምን አልመለሰም የሚለው ሳይገለጽ ዕዳው በጅምላ ከተጠረገ ነገም ይደገማል” ይላል። ይህም ትክክል ነው፤ እንዲያውም ክብደቱ ወደዚህ ያደላል። ቦንዱን መፍቀድ አስፈላጊ ነበር፤ ዝርዝሩን ለግብር ከፋዩ አለማቅረብ ግን አስፈላጊ አልነበረም።

የልማት ባንክ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል፤ የቁጥጥር ደንብ ራሱ ስጋት ሲፈጥር ያሳያልና። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት እያንዳንዱ 100 ብር ጋር የ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። መነሻ ወለዱ 3 በመቶ ነበር፤ ባንኮቹ ግን ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍሉ ነበር። 100 ሚሊዮን ብር ያበደረ ባንክ ሰነዱን በገዛበት 27 ሚሊዮን ላይ በዓመት 540,000 ብር ይጎድልበታል። ጉድለቱን የሸፈነው የሌላው ተበዳሪ ወለድ ነው፤ ለወፍጮ ወይም ለሚኒባስ የተበደረው ሰው።

ከዚህ የተሰበሰበው ገንዘብ ጉልህ ክፍል ወደ ልማት ባንክ ሄደ። ከዚያ በጋምቤላ በዝናብ ለሚለማ ሰፋፊ እርሻ፣ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በብድር ተሰጠ። ሰበታ አጠገብ ዓለም ገና ላይ የነበረው አይካ አዲስ ብድሩ ሳይመለስ ቀርቶ በልማት ባንክ እጅ የገባ ፋብሪካ ነው። በ2011 ዓ.ም. ገደማ የባንኩ የተበላሸ ብድር ወደ 40 በመቶ ተጠጋ፤ በኋላም መንግሥት ካፒታል ጨመረለት። ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብንከተለው የሰበታ ቆጣቢ ገንዘብ በግል ባንክና በብሔራዊ ባንክ ሰነድ በኩል አልፎ እዚያው ሰበታ ደጃፍ ላይ ወዳለ ፋብሪካ ደረሰ፤ ፋብሪካው ሲቆም ጉድለቱን የሞላው የዚያው ሰው ግብር ነው። ቆጣቢውም ተበዳሪውም ግብር ከፋዩም ሳይጠየቁ አንድ ዕዳ ሦስት ጊዜ ነካቸው።

ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዓመት ብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ የጣለው ገደብም (በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር) ሁለት ፊት አለው። የዋጋ ንረትን ለመግታትና ባንኮች ካቅማቸው በላይ እንዳይረዝሙ ይረዳል። ነገር ግን ባንክ ኮታው ጠባብ ሲሆን ቅድሚያ የሚሰጠው ለትልቁና ለቆየው ደንበኛ ነው፤ በገላን የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያለው አነስተኛ አምራች ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀራል። በዚህም ብድሩ በጥቂት እጆች ይከማቻል፤ ክምችት ደግሞ ቁጥጥሩ ሊከላከለው የተነሣው ስጋት ራሱ ነው።

100,000 ብር እና የካሳ ገንዘብ

በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የገንዘብ ተቀማጭ መድን ፈንድ ተቋቁሟል። ባንኮችና ማይክሮፋይናንስ ተቋማት በየዓመቱ አረቦን ይከፍላሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ፈንዱ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ በአንድ ተቋም እስከ 100,000 ብር ይከፍላል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለአብዛኛው ትንሽ ቆጣቢ ሙሉ ሽፋን ነው። በዳርቻው ላለው ኗሪ ግን ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል።

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱ ለልማት የሚወሰድበት አርሶ አደር በቋሚነት ሲነሣ የዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ካሳ ይከፈለዋል። የዓመት ገቢው 60,000 ብር ከሆነ 900,000 ብር በአንድ ጊዜ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ከዚህ በመድኑ የተሸፈነው ከዘጠኝ አንዱ ብቻ ነው። የቀረው 800,000 ብር ባንኩ ከወደቀ በኋላ ንብረቱ ተሸጦ እስኪከፋፈል የሚጠበቅ ጥያቄ ይሆናል። ለደመወዝተኛ ተቀማጭ ማለት ትርፍ ገንዘብ ነው፤ ለዚህ ሰው ግን መሬቱም እርሻውም የልጆቹ ውርስም እሱ ነው። በተጨማሪም ጣሪያው በተቀመጠበት ጊዜ 100,000 ብር ከ2,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ1,000 ዶላር በታች ወርዷል። ጣሪያው በየተወሰነ ዓመት ከዋጋ ንረት ጋር እንዲታይ ካልተደረገ በስም ብቻ ይቀራል። ኬንያ የእሷን ከ100,000 ወደ 500,000 ሽልንግ ያሳደገችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ጣሪያው ከፍ ሲል አደጋ የለውም ማለት አይደለም። አስቀማጭ ምንም እንደማይነካው ካወቀ ከፍተኛ ወለድ ወደሚሰጠው ደፋር ባንክ ይሄዳል፤ የባንኩ ኃላፊም በሰው ገንዘብ ይደፍራል። ይህን “ሞራል ሃዛርድ” ይሉታል፤ ኪሳራው የሌላ ስለሆነ ጥንቃቄ መላላት ማለት ነው። ሆኖም ጥንቃቄን ከገላን አርሶ አደር መጠበቅ ተገቢ አይደለም። የባንክን የሒሳብ መግለጫ አንብቦ መመዘን ያለበት ባለአክሲዮኑ፣ የቦርድ አባሉና ተቆጣጣሪው ነው። ስለዚህ ኪሳራው የሚወርድበት ተራ ግልጽ መሆን አለበት፦ መጀመሪያ ባለአክሲዮኖች እስከ መጨረሻው ብር፣ ቀጥሎ ለባንኩ ያበደሩ ትልልቅ አበዳሪዎች፣ ከዚያ ከጣሪያው በላይ ያለ ትልቅ ተቀማጭ፣ የሕዝብ ገንዘብ ከሁሉ በኋላ።

ጋና ይህን ከሞላ ጎደል ተከትላለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ባንኮች ተዘግተው ተቀማጫቸው መንግሥት ድርሻ ወዳለው ጂሲቢ ባንክ ተዛወረ፤ በ2018 አምስት ተጨማሪ ተጠቃልለው አንድ አዲስ ባንክ ተመሠረተ። ባለአክሲዮኖቹ ከሰሩ፣ አስቀማጮች ገንዘባቸው ተጠበቀ። የመላው የፋይናንስ ዘርፍ ማጽዳት ወጪ ግን ከ20 ቢሊዮን ሲዲ (የጋና ገንዘብ) በላይ ሆኖ በመንግሥት ላይ ወደቀ፤ ባንኮቹ ቀድሞ ካፒታላቸው ሲያልቅ ፈቃድ ይዘው ለዓመታት መቀጠላቸው ጉድጓዱን አስፍቶት ነበር። ከዚህ የሚወጣው ነገር የመዝጊያው ጊዜ ከመዝጊያው ዘዴ እኩል ወሳኝ መሆኑ ነው።

ባንክ በእርግጥ ሲዘጋ ምን ይሆናል?

ብዙውን ጊዜ መዘጋቱ የሚነገረው ከሥራ ሰዓት ውጪ ወይም በሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ ሰልፍ እንዳይፈጠር። ተቆጣጣሪው የባንኩን ሀብትና ዕዳ የሚረከብ ተቀባይ ይሾማል፤ ተቀባዩ የካዝና ቁልፍና የሲስተም የይለፍ ቃል ይረከባል፣ ዝውውር ይቆማል፣ የእያንዳንዱ አስቀማጭ ሒሳብ ይታረቃል። ከዚያ ወይ ተቀማጩ በጅምላ ወደ ጤነኛ ባንክ ይተላለፋል፣ ወይ ፈንዱ እስከ ጣሪያው ይከፍላል። የመጀመሪያው ለአስቀማጩ ይሻላል፤ ገንዘቡ ለቀናት እንጂ ለወራት አይታሰርም። የኬንያው ቼዝ ባንክ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ተዘግቶ በዚያው ወር በሌላ ባንክ አስተዳደር ተከፍቷል። መዘጋቱን ካፋጠኑት ነገሮች አንዱ በማኅበራዊ ሚዲያ የተዛመተ ወሬ ነበር።

ተበዳሪዎች “ባንኩ ከወደቀ ዕዳዬ ተሰረዘ” ብለው እንዳይሳሳቱ። ብድር የባንኩ ሀብት ስለሆነ ለገዢው ባንክ ወይም ለተቀባዩ ይተላለፋል፤ በዚህ መሐል ክፍያ ያቆመ ሰው ቅጣት ይቆጠርበታል፣ ቤቱም ሐራጅ ላይ ሊወጣ ይችላል። በመዘጋቱ ሰሞን የሚከፍል ሰው ደረሰኙን በወረቀት ይያዝ፤ የሲስተም መዝገቦች የሚዛቡት በርክክብ ወቅት ነው።

አስቀማጩ ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ከ100,000 ብር በላይ ያለው በአንድ ባንክ ሁለት ቅርንጫፍ መክፈሉ አይረዳውም፤ ሽፋኑ በተቋም ነው፣ ሒሳቦቹ ይደመራሉ። በተለያዩ ባንኮች ማስቀመጥ ግን ይረዳል። በባንኩ መዝገብ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም፤ “ወልደ” እና “ወ/” የሚለው ልዩነት እንኳን ክፍያ ያዘገያል። የዕድር ወይም የማኅበር ገንዘብ የያዘ ገንዘብ ያዥ ሒሳቡ እንደ አንድ አስቀማጭ ነው የሚቆጠረው ወይስ በአባላቱ ቁጥር የሚለውን ባንኩን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ከቃለ ጉባኤው ጋር ያስቀምጥ። ሁለት መቶ አባወራ ያዋጣው ገንዘብ እንደ አንድ ሰው ተቀማጭ ከተቆጠረ የተሸፈነው 100,000 ብር ብቻ ነው፤ ለአንድ አባወራ 500 ብር ይደርሰዋል።